አንድሮሜዳ የማን ልጅ ናት? የድሮ ዘመን የጀብድ ፊልሞችና የውክልና ክርክር

ሰይፍ፣ ፈረስ፣ ቤተ መንግሥትና ጦርነት ያለበት ትልቅ ፊልም ሲወጣ ክርክሩ ከፊልሙ ቀድሞ ይደርሳል። «ይሄ ሰው እንዴት ጥቁር ሆነ?» ይላል አንዱ። «ያቺ ደግሞ እንዴት ነጭ ሆነች?» ይላል ሌላው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ «ግላዲያተር 2» ሲኒማ ቤት ሲገባም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በፊልሙ ዴንዘል ዋሺንግተን ማክሪነስ የተባለ ሮማዊ ሆኖ ይጫወታል። ጥቁር ሰው በሮም ሥልጣን አጠገብ መታየቱ ያልተዋጠላቸው ነበሩ።

ማክሪነስ ግን የፈጠራ ስም አይደለም። ከ217 እስከ 218 ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። የተወለደው ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ሸርሸል በምትባለው ከተማ ነው። በዘመኑ የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ ሰውየው ሙር እንደነበር ጽፏል። አንድ ጆሮውም እንደ አብዛኞቹ ሙሮች ልማድ የተበሳ እንደነበር ሳያነሳ አላለፈም። የሮምን ካባ የለበሰ ሰው ጆሮው ላይ የትውልድ አገሩን ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሙር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የሰሜን ምዕራብ አፍሪካን ሰው የሚገልጽ ነው። የዛሬዎቹ በርበሮች ወይም አማዚጎች አያቶች ማለት ነው። እኛ ዛሬ «ጥቁር» ስንል የምናስበውን ለመግለጽ የተቀመጠ ቃል አይደለም። ስለዚህ «በሮም አፍሪካዊ ምን ይሠራል?» ያለውም፣ «ማክሪነስ ጥቁር እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል» ያለውም ምንጩን በደንብ አላዩትም። ይኸው ፊልም የሮምን ትልቅ የትግል መድረክ ኮሎሲየሙን በውኃ ሞልቶ ሻርክ ለቆበታል። በታሪክ ስም የሚነሣ ቅሬታ እዚያም ላይ እኩል መነሣት ነበረበት።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ፊት ላይ ነው። ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር፣ ማን ጠይም። ከፊቱ ጀርባ ግን የሚበልጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጀብድ ፊልም ራሱ ታሪክን የሚቆርጥበት መንገድ ነው።

ቃላቱን እናጥራ

ውክልና፣ ፈረንጆቹ ሪፕሬዘንቴሽን የሚሉት፣ በፊልም ቋንቋ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ በስክሪኑ ላይ መኖሩን ብቻ ሳይሆን እንዴት ሆኖ እንደሚታይም ይጠይቃል። ስም አለው? ይናገራል? ታሪኩ በእሱ ዓይን ይታያል? ወይስ ከጀግናው ኋላ ጦር ይዞ የሚሮጥ ብቻ ነው?

ካስቲንግ ለየገጸ ባሕሪው ተዋናይ የመምረጥ ሥራ ነው። ዋይትዋሺንግ የሚባለው ደግሞ ነጭ ያልሆነን ገጸ ባሕሪ ለነጭ ተዋናይ መስጠት ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም ኖራ መቀባት ማለት ነው፤ ሐሳቡን በደንብ ይገልጸዋል። ኖራ ሲቀባ ግድግዳው እዚያው ይቆማል፣ የነበረበት ቀለም ግን አይታይም። በሌላው ጫፍ ከለር ብላይንድ ካስቲንግ አለ። ቀለም ሳይታይ በችሎታ ብቻ መምረጥ ነው። በ2021 «ዘ ግሪን ናይት» በተባለው ፊልም የሕንድ ዝርያ ያለው እንግሊዛዊ ዴቭ ፓቴል የንጉሥ አርተርን የእኅት ልጅ ሆኖ ተጫውቷል። ታሪኩ አፈ ታሪክ ስለሆነ ብዙ ተመልካች ሳይቸገር ተቀብሎታል።

ኖራው ሲቀባ

«ድሮ እንዲህ ነበር» የምንለው ነገር አብዛኛው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። ከድሮ ፊልም ነው። የድሮ ፊልሞች ደግሞ በሕግ ተገድበው የተሠሩ ናቸው። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች በ1930 ተስማምተው፣ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስፈጸሙት የሥነ ምግባር ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ፍቅርን ማሳየት ይከለክል ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው። ጀግናው ነጭ ከሆነ፣ የሚያፈቅራትም ሴት ነጭ መሆን አለባት። የጀብድ ፊልም ያለ ፍቅር ስለማይሆን፣ ለሌላ ቀለም ያላት ሴት የሚተርፋት የአሽከርነት ቦታ ነበር።

ያ አንቀጽ በ1956 ተነሣ። ልማዱ ግን አልተነሣም። በ1959 «ሰሎሞንና ሳባ» የተባለው ትልቅ ፊልም ሲወጣ ንግሥተ ሳባን የተጫወተችው ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ነበረች። እኛ ማክዳ የምንላት፣ በክብረ ነገሥት የቀዳማዊ ምኒልክ እናት የሆነችው ንግሥት ማለት ነው። የመኖችም የኛ ናት ይላሉ፤ ሙግቱ የቆየ ነው። ከሮም የመጣች ናት የሚል ወግ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም።

የአንድሮሜዳ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ውስብስብ ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ ካሲዮፔያ በውበት በመመካቷ ልጅቷ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ከዓለት ጋር ትታሰራለች። የግሪኮቹ ጀግና ፐርሲየስ መጥቶ ያድናታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ በተለይም ኩሽን ነው። የዛሬዋን አገራችንን በካርታዋ ልክ ማለታቸው አይደለም። ቢሆንም አፍሪካዊት ልዕልት ናት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድም በአገሯ ቀለም የጠቆረች መሆኗን ጠቅሷታል።

በ1981 በወጣው «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» ፊልም እንግሊዛዊት ተዋናይት ተጫወተቻት፣ አገሯም ኢዮጴ ሆነ። ኢዮጴ የዛሬዋ ያፋ ናት። ለዚህ እንኳ ጥንታዊ መነሻ አለ፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች የዓለቱን ቦታ እዚያ ያደርጉታል። በ2010 ታሪኩ እንደገና ሲሠራ ግን ልዕልቲቱ የአርጎስ ሆነች። አርጎስ የግሪክ ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ከታሪኩ ጨርሳ ወጣች።

ሁሉንም ጥፋት በሆሊውድ ላይ መጫን ግን አይቻልም። ግሪኮቹ ራሳቸው በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ አንድሮሜዳን እንደ ግሪክ ሴት ሥለዋት፣ አጃቢዎቿን ብቻ አፍሪካውያን ያደረጉበት ጊዜ አለ። ሄሊዮዶሮስ የተባለ ጥንታዊ ደራሲም አንድ አስገራሚ ልብ ወለድ ጽፏል። አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት ስትፀንስ የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ስለነበር ነጭ ልጅ ወለደች ይላል። ንግሥቲቱም ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታ ሕፃኗን ትጥላታለች። ከ1,600 ዓመት በላይ በፊት የአንድሮሜዳ ሥዕል ነጭ ነበር፣ ሕዝቧ ደግሞ ጥቁር። ደራሲው ነገሩ እንደማይገጥም ገብቶታል፤ ታሪኩን የሠራውም እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ሒሳቡን የሚሠራው ማን ነው?

በ2014 «ኤክሶደስ» የተባለው የሙሴና የፈርዖን ፊልም ሲወጣ ሙሴም ፈርዖንም ነጭ ተዋናዮች ነበሩ፤ ክርስቲያን ቤልና ጆኤል ኤጀርተን። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሲጠየቅ ሳይሸፋፍን መለሰ። በዚህ ትልቅ በጀት ፊልም ልሠራ ከሆነ መሪ ተዋናዬ መሐመድ እገሌ ነው ብዬ ገንዘብ አላገኝም የሚል ነበር የመልሱ ይዘት። አነጋገሩ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ያስቆጣልም። አሠራሩን በግልጽ ስላሳየ ግን ልብ ማለት ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ የጀብድ ፊልም ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል። ገንዘቡ ከስቱዲዮ፣ ከባለሀብቶች፣ ቀረጻው በሚካሄድበት አገር ከሚመለስ ታክስ፣ አንዳንዴም ፊልሙ ሳይሠራ ለየአገሩ አከፋፋዮች ከሚደረግ ቅድሚያ ሽያጭ ይሰበሰባል። ቀድሞ የሚገዛው ሰው ፊልሙን አላየም። የሚያየው የመሪ ተዋናዩን ስም ነው። ስም ያለው ተዋናይ ደግሞ ቀደም ሲል ትልልቅ ፊልም የተሰጠው ነው። ትልልቅ ፊልም ሲሰጣቸው የኖሩት ነጮች ናቸው። ነገሩ ክብ ነው። ክፉ ልብ ያለው ሰው ባይኖርበት እንኳ በራሱ ይዞራል።

ክቡ እንደማይሰበር የሚቆጠርበት ዘመን ግን አልፏል። በ2015 «ጎድስ ኦቭ ኢጂፕት» የተባለው ፊልም ገና ሳይወጣ፣ የግብፅ አማልክትን በነጭ ተዋናዮች በመሙላቱ ዳይሬክተሩና ስቱዲዮው ይቅርታ ጠይቀዋል። 140 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ያስገባው 150 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ይህ ኪሳራ ነው። በእርግጥ ፊልም የሚከስረው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ግን በ2018 «ብላክ ፓንተር» በጥቁር ተዋናዮች ተሞልቶ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። «ጥቁር ጀግና ውጭ አገር አይሸጥም» የሚለው የቆየ አባባል ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው በልበ ሙሉነት አይነገርም።

የቴክኖሎጂው ታሪክም በዚህ ውስጥ አለ። የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፊልም፣ ካሜራ ውስጥ የሚገባው ማለት ነው፣ ለረጅም ጊዜ የሚስተካከለው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ያለበትን ካርድ መለኪያ አድርጎ ነበር። በዚያ መለኪያ የጠቆረ ፊት ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይታያል። ችግሩ እንዲስተካከል ከገፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ነበሩ። የዕቃቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ላይ በደንብ አልወጣ ስላላቸው ነው። ሰው ሲያማርር ያልተሰማውን የቸኮሌት ነጋዴ ሲያማርር ተሰማ። ይህን ማወቅ ያሳዝናል።

የኦስካር ሕግ በትክክል ምን ይላል?

«አሁን ጥቁር የሌለበት ፊልም ኦስካር አይወዳደርም» ሲባል ይሰማል። ትክክል አይደለም። በ2015 እና በ2016 በየዓመቱ ለትወና ሽልማት የታጩት ሃያዎቹም ነጮች በመሆናቸው ትልቅ ተቃውሞ ተነሣ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2020 የማካተት መስፈርት አወጣ፤ ከ2024 ሽልማት ጀምሮ ለ«ምርጥ ፊልም» ዘርፍ ብቻ ተግባራዊ ሆነ። መስፈርቶቹ አራት ናቸው። ፊልሙ ሁለቱን ካሟላ ይበቃዋል። ከአራቱ በስክሪን ላይ ስለሚታየው የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከካሜራ ጀርባ ስላሉ ባለሙያዎች፣ ስለ ሥራ ልምምድ ዕድል፣ ስለ ማስታወቂያና ሥርጭት ክፍል ሠራተኞች ናቸው። ሴቶችም ይቆጠራሉ። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ዓመት ምርጥ ፊልም የተባለው «ኦፐንሃይመር» ነው፤ ዋና ዋና ተዋናዮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ነጮች ናቸው።

ዳሆሜ፦ ትክክለኛ ፊት፣ የተቆረጠ ታሪክ

እስካሁን ያለው ሁሉ ስለ ፊት ነው። ፊቱ ትክክል ሲሆንስ? ለዚህ ከ2022ቱ «ዘ ውማን ኪንግ» የተሻለ ምሳሌ የለም።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1823 በዳሆሜ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር። አጎጂዬ የሚባሉ ሴት ወታደሮች ነበሩ። የፈጠራ አይደሉም። አውሮፓውያን አማዞኖች ይሏቸው ነበር፤ በ1890ዎቹ ፈረንሳይ ዳሆሜን ስትወር ፊት ለፊት ገጥመዋታል። ፊልሙን ያዘጋጀችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ጂና ፕሪንስ ባይትዉድ ናት፤ መሪ ተዋናይቷ ቫዮላ ዴቪስ ፕሮዲውሰርም ነበረች። በጀቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለጦርነት ፊልም ብዙ አይደለም። ሴቶቹ ሰውነታቸውን ዘይት ተቀብተው በእሳት ብርሃን ሲወጡ የያንዳንዳቸው ፊት ከነጠባሳው ይለያል። አንዷ ጥፍሯን እንደ ቢላ ሞርዳለች። ያ የጠቆረ ፊት የሚጠፋበት ዘመን ካለፈ በኋላ የተሠራ ፊልም መሆኑ ያስታውቃል።

ግን ፊልሙ እንደወጣ፣ አያቶቻቸው በባርነት ተሸጠው ወደ አሜሪካ ከመጡ ጥቁሮች መካከል «አንየው» የሚል ጥሪ ተነሣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳሆሜ ከምዕራብ አፍሪካ ትልልቅ ባሪያ ሻጭ መንግሥታት አንዱ ነበር። የሚሸጡትን ምርኮኞች የሚያመጣው ሠራዊቱ ነው፤ አጎጂዬዎቹም ከሠራዊቱ ነበሩ።

ፊልሙ ይህን ጨርሶ አልካደም። ዳሆሜ ሰው እንደሚሸጥ ይናገራል። ችግሩ መፍትሔው ላይ ነው። በፊልሙ የጦር መሪዋ ንጉሥ ጌዞን ትለምነዋለች፤ ሰው መሸጥ ትተን የፓልም ዘይት እንሽጥ ትላለች። ንጉሡም ይሰማታል። በታሪክ ጌዞ ከ1818 እስከ 1858 ገዛ። የባሪያ ንግድን ለማቆም የፈረመው በ1852 ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደቡን ስለዘጋበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንግዱ ተመለሰ። የፓልም ዘይቱም ቢሆን ነጻ አላወጣም፤ እርሻው ላይ የሚሠሩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ።

በ1860 ክሎቲልዳ የተባለች መርከብ 110 ያህል ሰዎችን ከዳሆሜ ወደብ ከዊዳ ጭና አላባማ ገባች። በአሜሪካ ባሪያ ማስገባት ከተከለከለ 52 ዓመት ሆኖት ነበር። ከተጫኑት አንዱ ኮሶላ ይባላል። እስከ 1935 ኖሯል። ለጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ለዞራ ኒል ኸርስተን የነገራት ቃሉ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ2018 ነው። ጎህ ሲቀድ ከተማቸው እንዴት እንደተከበበ ይናገራል። ከወረሯቸው መካከል ሴት ወታደሮች ነበሩ። በከተማው በር ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ተያዘ። ያች ሴት ወታደር ለአንዱ የጥቁር ሴቶች ጀግንነት ምልክት ናት። ለኮሶላ በሩ ላይ የጠበቀችው ናት። ሁለቱም እውነት ነው።

የጀብድ ፊልም ሁለቱን አብሮ መያዝ ይከብደዋል። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ያለው። የምንወደው ጀግና፣ የምንጠላው ጠላት፣ በመጨረሻም ድል ያስፈልገዋል። ነጮች ስለራሳቸው የሠሯቸው የጀብድ ፊልሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ቅኝ ገዢዎቻቸውንና የባሕር ወንበዴዎቻቸውን አሳምረው ያሳዩናል። ስለዚህ «ለምን ከእኛ ብቻ ንጹሕ ታሪክ ይፈለጋል?» የሚለው የፊልሙ ደጋፊዎች ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። የኮሶላ ዘመዶች ቅሬታም ፍትሐዊ ነው። በእኔ አመለካከት ፊልሙ መሠራቱ ትክክል ነበር። የንጉሡን መለወጥ የጨመረው ግን ባይጨምረው ይሻል ነበር። ጀግኖቹ ያለዚያም ይቆሙ ነበር።

ባለቤቱ ሳይጠየቅ

በ2023 ኔትፍሊክስ ስለ ክሊዮፓትራ ባወጣው ተከታታይ ዘጋቢ ድራማ ንግሥቲቱን ጥቁር እንግሊዛዊት ተጫወተች። የግብፅ የቱሪዝምና ቅርሶች ሚኒስቴር መግለጫ አውጥቶ ተቃወመ። ክሊዮፓትራ ከመቄዶንያ ግሪኮች ሥርወ መንግሥት የተወለደች ናት። በተቃዋሚዎቹ መካከል ጥቁርነትን እንደ ስድብ የቆጠሩ ነበሩ፤ ያ አሳፋሪ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። በ2014 ፈርዖን ነጭ ሆነ። በ2023 ክሊዮፓትራ ጥቁር ሆነች። ሁለቱም ጊዜ የተፈታው የአሜሪካ ጥያቄ ነው። ግብፃዊው ተዋናይ ሁለቱንም ጊዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ ተመልካች ነበር።

ቀለም ሳይታይ የሚደረግ ምርጫ፣ ከለር ብላይንድ ካስቲንግ ያልነው፣ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ለአፈ ታሪክ ይስማማል። የዘር ጭቆና በነበረበት እውነተኛ ዘመን ላይ ሲሆን ግን ሁሉም እኩል የነበረ ያስመስላል። የተጨቆነው ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ ይታያል፣ የደረሰበት ግን ይረሳል።

ሁለት ኦዮዎች

የውክልናው ጉዳይ ወዴት እየሄደ ነው ቢባል፣ ምልክቱ በዚያው በሴፕቴምበር 2022 ታይቷል። በ«ዘ ውማን ኪንግ» ጠላቶቹ ኦዮዎች ናቸው፤ በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረ የዮሩባ መንግሥት። ፈረስ ላይ ሆነው ይመጣሉ፣ መንደር ያጠፋሉ። ይህ ፊልም ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የናይጄሪያው ኩንሌ አፎላያን «አኒኩላፖ» የተባለ ፊልም በኔትፍሊክስ አወጣ። ቦታው ያው ኦዮ ነው። ጀግናው ሳሮ የሚባል ሸማኔ ነው፤ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማዋ ይገባል፣ ከንጉሡ ሚስት ጋር ፍቅር ይዞት ሕይወቱ ይመሰቃቀላል። በዚህ ፊልም ኦዮ ሰው የሚሸምንባት፣ የሚያፈቅርባት፣ የሚዋሽባት ከተማ ናት። በ2024 ደግሞ «ሃውስ ኦቭ ጋኣ» ወጣ። ነገሥታትን እየሾመ ያወርድ የነበረውን የኦዮ ባለሥልጣን ጭካኔ ዮሩባዎች ራሳቸው ሳይሸፍኑ አሳዩ።

እነዚህ ፊልሞች በሆሊውድ በጀት የተሠሩ አይደሉም፤ የጦርነት ትዕይንታቸው ላይ ያስታውቃል። ስርጭቱም በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ነው፤ ነገ ፖሊሲው ቢለወጥ ገንዘቡ ሊደርቅ ይችላል። ግን ኦዮን በሦስት ፊልም ሦስት ዓይነት ሆና ያየ ተመልካች አንዱን ብቻ ታሪክ ነው ብሎ አይዝም። በሆሊውዱ ፊልም ንጉሡም ምርኮኛውም ባብዛኛው እንግሊዝኛ ይናገራል። በነዚህ በሁለቱ ግን ክፉውም ደጉም፣ ባለሥልጣኑም ሸማኔውም የሚናገረው ዮሩባ ነው።